የግራው ክርን እራፊ

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው አገር እንደ እኔ መርፌ የያዘ ሰው አልነበረም። ለመኩራት ብዬ አይደለም እያልኩ መዋሸት አልወድም፤ ለመኩራት ነው የምለው። በእጁ ሥራ ያልኮራ ሰው በምን ሊኮራ ነው? አስተማሪ አልነበረኝም። እጄን ይዞ እንዲህ ቁረጥ፣ እንዲህ ስፋ ያለኝ የለም። ማንበብና መጻፉንም ቢሆን ከሱቅ ሰሌዳና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው የለቀምኩት፤ ይኸው ዛሬ ይህን ያለ ማንም እርዳታ እጽፋለሁ።

ስፌት የተማርኩት በማፍረስ ነው። አባቴ ለክብረ በዓልና ለሽምግልና ብቻ የሚለብሰው አንድ የሱፍ ኮት ነበረው። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ እሱ ገብስ ሊያጭድ በሄደበት ቀን ኮቱን ከተሰቀለበት አውርጄ በምላጭ ክሩን እየበጠስኩ ፈታሁት። እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ፣ ገበሩ ለብቻ። አባቴ ሲመለስ ኮቱን እንደ ታረደ በግ ብልት በብልት ተዘርግቶ አገኘው። የመታኝን አልረሳም። በአራተኛው ቀን ግን ሰፍቼ መለስኩለት። ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ አንድ ሰው እንኳን አልነቃም። እንዲያውም ትከሻው ላይ ይይዘው የነበረው ለቀቀለት። ያን ቀን አንድ እምነት ያዝኩ፤ ያፈረስኩትን ሁሉ መልሼ መግጠም እችላለሁ የሚል። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ እምነት ኖርኩ። ያሳፈረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ደርግ በገባ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ተክዬ እሰፋ ነበር። መኪና የምለው የስፌት መኪናዬን ነው፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ጌጧ የለቀቀ። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ብረቷን ስለሚያደርቀው፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የከሰል ካውያውን አስጠግቼ አሞቃት ነበር። አንድ ቀን ሚስቴ ይህን አይታ፣ "ለእኔ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?" አለችኝ። እኔ ካውያውን ወደ መኪናዋ ይበልጥ አስጠጋሁት። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ዘመዶቿ ዘንድ፣ ወደ መዘዞ ሄደች። ልጅ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ ከመኪናዋ በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር አልነበረም።

የሥጋ ዘመድ የምለው አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነበረችኝ። እሷና ባሏ የተወለድንበት ግቢ ውስጥ፣ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ካለው አፋፍ ላይ ይኖሩ ነበር። እኔ የበኩር ልጁ ወደ መርፌ ስሸሽ መሬቱን አርሶ ያቆየው የእህቴ ባል ነው፤ መሬት ለአራሹ ሲታወጅም በእሱ ስም ሆነ። አልከፋኝም። ግን የእኔ ነው ብለህ ስታስበው የኖርከው ቦታ እንግዳ ሆነህ ስትሄድበት፣ ደረትህ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ነገር አለ።

ድሪቶ የጀመርኩት ያን ቅዝቃዜ ለማባረር ነው።

ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው። ያረጀውን ባረጀው ላይ እየደረቱ፣ የተገኘውን እራፊ ሁሉ እየለጠፉ የሚሠሩት፤ ሰው ሊሰድብህ ሲፈልግ "ድሪቶህን ሰብስብና ሂድልኝ" ይልሃል። እኔ ደግሞ የእራፊ ሀብታም ነበርኩ። በልብስ ሰፊ ደንብ ከመቀስ የተረፈው የሰፊው ነው፤ መልሱልኝ የሚል የለም። ሦስት ጆንያ ሙሉ ቁርጥራጭ ነበረኝ፤ ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ ከፋይ፣ የሱፍ ቅዳጅ። አንድ ክረምት ዝናቡ በረንዳውን አልፎ ሲያባርረኝ ቤቴ ገብቼ ጆንያዎቹን ዘረገፍኩና እራፊውን ለሙቀት ሳይሆን ለመልክ መደርደር ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጣልኝ የደብረ ብርሃን ገበያ ነው። ቀጥሎ ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ ሠራሁ፤ አቧራው ካኪ፣ ባሕር ዛፉ የተማሪ ዩኒፎርም። ድሪቶን አልጋ ላይ ከመነጠፍ አውጥቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ከእኔ በፊት ካለ ይምጣና ይናገር።

በረንዳዬ ላይ ሰቅዬው ሰው ሲስቅብኝ ሰነበተ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል የሚሰቀለውን ቀይ ጨርቅ የሚያሰፋው እኔ ዘንድ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ከፊቱ ቆመና ጣቱን ቀሰረ።

"ጓድ፣ ይህ ቀይ ከየት መጣ?"

"ከመፈክሩ የተረፈ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"የአብዮቱን ጨርቅ ለአበባ አዋልከው?"

"የእሬት አበባ ነው። አንኮበር ገደሉ ላይ የሚያብበው። ከአብዮቱ በፊትም ቀይ ነበር።"

ዘመኑ በአበባም የሚታሰርበት ነበር። እሱ ግን ሳቁ አመለጠው። "አንተን ማሰር የእስር ቤት ብርድ ልብስ ማባከን ነው" ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ገብቼ ቢሆን ብርድ ልብሱንም እፈታው ነበር።

እየሠራሁ ስሄድ አንድ ደንብ አወጣሁ። አንድን ቦታ ስሰፋ ጨርቁ ያን ቦታ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ እዚያ የተለበሰ፣ እዚያ የታጠበ፣ እዚያ ያረጀ። ይህን ደንብ ያወጣሁት የተወለድንበትን ግቢ ለመስፋት በተነሳሁ ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ ልምምድ ነበር፤ ትልቁ ሥራዬ እሱ ነው። ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። የገብሱ ማሳ ከእናቴ የአዘቦት ቀሚስ ነው። ቋጥኙ አባቴ ሲሞት ወደ እኔ ከመጣው፣ በልጅነቴ ከፈታሁት ኮት ነው። ጉሙን እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። የእናቴ ነጠላ አልቆ እንደ ሸረሪት ድር ሳስቶ ነበር፤ እሱን ከላይ ዘርግቼ ጫፍ ጫፉን ብቻ በቀጭን ክር ያዝኩት። ከሥሩ ዛፉም አጥሩም ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ ይጠፋል። የአንኮበር ሰው አይቶት "ጠዋት ነው" ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አያስተምርም፤ ማንም ስለማያውቀው።

አፋፉን ግን አቃተኝ። ከግቢያችን በታች ያለው ተዳፋት ግራጫም አረንጓዴም ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቡኒ ጅማት የሚወጣው። ሰባት ዓይነት ጨርቅ ሞከርኩ። ሰባቱንም አፈረስኳቸው።

የእህቴ ባል ወደ በረንዳዬ የመጣው የእናት ሀገር ጥሪ በተባለበት ጊዜ ነው። ገበሬው በሚሊሻነት እየተመለመለ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃንን ያልፍ ነበር። መኪናዎቹ ሲቆሙ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ካኪ ለብሷል፤ በክንዱ የሰርጉን ኮት ታቅፏል። ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከአልዩ አምባ ከመጣ ነጋዴ በተገዛ ግራጫ አረንጓዴ ሱፍ፣ ቀጭን ቡኒ ክር ያለበት። በዚያ አውራጃ የተሻለ ኮት የለበሰ ሙሽራ አልነበረም። የግራው ክርን ግን አልቆ ተጥፏል። እራፊው ሰማያዊ ነው፤ ስፌቱ እንደ ሰከረ ሰው እግር ወዲያና ወዲህ ይረግጣል።

"ይህን ማን ጣፈው? ዶሮ ናት?" አልኩት።

"እህትህ ናት። ከገዛ ቀሚሷ ቀድዳ።"

"ቁጭ በል፣ በደቂቃ አስተካክልልሃለሁ። ይህን ለብሰህ ሰው ፊት ስትቆም የእኔም ስም አብሮ ይጠራል።"

"ዋርሳዬ፣ እንዳትነካው። ከነጠማማው ነው የምወደው።" ኮቱን መኪናዬ ላይ አስቀመጠው። "ካኪ ሰጥተውናል። ይህ አንተ ዘንድ ይቆይልኝ፤ ስመለስ እለብሰዋለሁ።"

"ካልተመለስክስ?" ብዬ ቀለድኩ። ያን ቀልድ ዛሬ ብመልሰው በወደድኩ። እሱ ግን ጥርሱን አሳየኝ።

"ያኔ ለእሷ ትሰጣታለህ" አለና ወደ መኪናው ሮጠ።

ሦስት ዓመት ደብዳቤ አልመጣም። ሞተ የሚል አልነበረም፤ አለ የሚልም አልነበረም። ኮቱ ቤቴ ውስጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ያላለቀ ድሪቶዬ ጋር ተፋጥጦ ኖረ። እኔ በሁለቱ መካከል ምሳዬን እበላለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኮቱ ጀርባ ላይ አረፈች። ቡኒዎቹ ክሮች ብቅ አሉ። እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ ወደ አፌ ሳይደርስ ቀረ። አፋፉ ነበር። ስፈልገው የኖርኩት አፋፍ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ወዲያው አልነካሁትም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። አንድ ወር ታገስኩ። ከዚያ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ጀርባውን ብቻ እፈታለሁ፣ አልቆርጥም፤ ሰውየው ሲመጣ መልሼ እገጥመዋለሁ፤ የአባቴን ኮት በአሥራ ሁለት ዓመቴ የገጠምኩ ሰው ይህን የገዛ ሥራዬን ያቅተኛል? ጀርባውን ፈታሁ። ድሪቶው ላይ ሳስጠጋው ልክ ነበር፤ ጠርዙ ብቻ ትንሽ መከርከም ፈለገ። ከከረከምኩት በኋላ ደግሞ አፋፉ ወደ ታች መሰበር ስላለበት እጅጌው ያስፈልግ ነበር። አንዴ መቀስ ከገባበት በኋላ ያለውን ታሪክ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮቱ ከአርባ በላይ ቁራጭ ሆነ።

ሰማያዊዋን እራፊ መጨረሻ ላይ አነሳኋት። የቤቱ በር አደረግኳት። ከእነዚያ ጠማማ ስፌቶች አንዱንም አልነካሁም። በዚያ ሁሉ ሥራ ላይ የእኔ እጅ ያልሰፋው እሱ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር በኢትዮጵያ ውስጥ አልተሠራም። ይህን የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም። መኪናዬን ረገጥ አደረግኳትና ጨርቅ ሳልሰጣት ዝም ብላ ዞረች።

ያ ዓመት ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት የእህቴ የንስሐ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በረንዳዬ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ሳየው እግሬ ከፔዳሉ ላይ ወረደ።

"ልጄ፣ አንድ አብሮት የነበረ ቁስለኛ ወደ አገር ገብቷል" አሉኝ አባ። "በዓይኔ አይቻለሁ፣ እዚያው በረሃ ላይ በእጃችን ቀብረነዋል ይላል። ለእሷ ገና አልተነገራትም። ነገ ማለዳ እናረዳታለን።"

አቀረቀርኩ።

"ሥጋው እንደሆነ የለም" ብለው ቀጠሉ። "የሰርግ ኮቱን ግን አንተ ዘንድ አኑሯል ይላሉ። እሷም ስትናገር ሰምተናል፤ ኮቱ ወንድሜ ዘንድ ነው ትላለች። ይዘህልን ና።"

የእኛን አገር ለማያውቅ ልግለጸው። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ፣ ልብሱ ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ሚስቱ፣ እናቱ፣ እህቱ እየታቀፉት ያለቅሳሉ። የሚያለቅሱበት ነገር ከሌለ፣ ሰውየው እንዲሁ እንደ ጉም የጠፋ ይመስላቸዋል፤ ለዓመታት በር በር ሲያዩ ይኖራሉ። እህቴ ቀድሞውኑ ሦስት ዓመት በር አይታ ነበር።

"እሺ አባቴ፣ ዛሬውኑ ይዤ እመጣለሁ" አልኩ። አፌ ነው ያለው።

እነሱ ሲሄዱ ቀጥታ ወደ ገበያ ሮጥኩ፤ ያን ሱፍ ወደ ሸጠው የአልዩ አምባ ነጋዴ። ሃያ ዓመት የምተዋወቀው ሰው ነው። በርበሬ፣ ጨውና ጨርቅ ባንድ ሱቅ ይሸጣል፤ ስለዚህ ጨርቁ ሁሉ ያስነጥሳል።

"ያ ግራጫ አረንጓዴ ሱፍ ተርፎሃል?"

ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አወጣው። "አልሐምዱሊላህ፣ የጣቃው ጭራ አለ። ኮት ይወጣዋል። ማን ሊያገባ ነው?"

ሁሉንም ነገርኩት። ለምን ለእሱ እንደነገርኩት አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ የምነግረው ስለሌለ ነው። "ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ" አልኩ በመጨረሻ። "ልኩ በጭንቅላቴ ውስጥ አለ። አመድና ሻይ ነካ አድርጌ አስረጀዋለሁ። ክርኑንም በሰማያዊ እጥፈዋለሁ።"

"ጠማማ አድርገህ?"

"ጠማማ አድርጌ። ጠማማ መስፋት ምን ያቅተኛል?"

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጠፈው። አላስረከበኝም። "አንተ ሰው፣ እንዳንተ ያለ ልብስ ሰፊ እንደሌለ ራስህ ስትነግረኝ ሃያ ዓመትህ ነው፤ አምኜሃለሁ። ኮቱን ትሰፋዋለህ፤ ማንም አይለየውም። ግን ሚስቲቱ ስታቅፈው መጀመሪያ ምን የምታደርግ ይመስልሃል?"

"ምን ታደርጋለች?"

"ታሸተዋለች። ምን ልታሸት ነው? የእኔን በርበሬ?"

እሱ ጨርቁን ወደ ቦታው መለሰና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፤ እኔን ላለማየት ብሎ ይመስለኛል።

ቤቴ ገብቼ ድሪቶውን ከግድግዳው አወረድኩ። ምላጭ አነሳሁ። አፋፉን እየፈታሁ ኮት ላደርገው ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁራጮች ፈትቼ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። ጠርዛቸው ተከርክሟል፤ አንዱ ከሌላው አይደርስም። ትከሻው የተራራ ቅርጽ ይዟል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቅ እምቢ አለኝ። ሦስቱን ቁራጮች መልሼ ወደ አፋፉ ሰፋኋቸው፤ ድሪቶውን ጠቀለልኩና ገብስ የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ፣ አፋፉ ሲጀምር ጉሙ ሲነሳ እያየሁ፣ ምን እንደምላት ሳሰናዳ ነበር። ጥሩ ጥሩ ንግግር አሰናዳሁ። አንዱም አልተነገረም።

በማግስቱ ማለዳ አረዷት። የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ለቀስተኛው ሲሞላ አልጋው ግቢ መሐል ወጣ፤ ነጭ ጋቢ ተነጠፈበት። አባ ወደ እኔ አዩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ጥቅሉን ፈታሁና ድሪቶውን አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ከአልጋው ተርፎ መሬት ነካ።

አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። አንድ ሽማግሌ ድምፁን ሳይቀንስ፣ "ኮት ነው ያልነው፤ ይሄ ምንድን ነው? ለሰውየው ድሪቶ አመጣለት?" አለ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ምነው፣ ለውሻ የሚነጠፍ!" ስትል ሰማሁ። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ግማሹን እኔ አልብሻለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን እንደ እኔ የተራቆተ አልነበረም።

እህቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ መጣች። አየችው። መጀመሪያ ግቢውን አየች፤ ጉሙን፣ የእናታችንን ቀሚስ። እጇ ማሳው ላይ ትንሽ ቆመ። ቀጥሎ ወደ አፋፉ ወረደ። ሱፉን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ቀና ብላ አየችኝ።

"ወንድምዓለም" አለች። ሁልጊዜ የምትጠራኝ እንዲህ ነበር። "ኮቱ የታለ?"

"ይኸው ነው" አልኩ።

"ኮቱ የታለ አልኩህ?"

"ይኸው… አፋፉ እሱ ነው። እሱ ያረሰው መሬት ነው። ቀለሙን እዪው…"

አልሰማችኝም። ጣቷ እየፈለገ እየፈለገ በሩ ላይ ደረሰ። ሰማያዊዋን እራፊ ስታገኝ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ቀበረችባት። ብዙ ጊዜ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"ምላጭ አምጡልኝ።"

"እኔ ልፍታልሽ" አልኩ። "ጨርቁ እንዳይቀደድ፤ እጅሽ…"

"አንተ በቃህ" አለችኝ።

ከአንዱ ጎረምሳ ምላጭ ተቀብላ ራሷ ፈታችው። ውጪውን የእኔን ስፌት ብቻ በጠሰች፤ የራሷን ጠማማ ስፌት አልነካችም፤ በእሱ የተያያዘው የኮቱ ክርን አብሮ ወጣ። መዳፍ የሚያክል ነገር። አልጋው መሐል፣ ነጩ ጋቢ ላይ አስቀመጠችው፤ የቀረውን ድሪቶ በሁለት እጇ ጠቅልላ ደረቴ ላይ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። አገሩ ሁሉ በዚያች መዳፍ በምታክል እራፊ ላይ አለቀሰ፤ በቃችም። እኔ ጥቅሌን ታቅፌ አጥር ሥር ቆሜ፣ በተወለድኩበት ግቢ ውስጥ የት እንደምቀመጥ ሳላውቅ ቀረሁ።

በአርባው ሄድኩ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ እንግዳ ታስተናግዳለች። በግራ ክርኗ ላይ ሰማያዊዋ እራፊ አለች፤ በዚያው ጠማማ ስፌት ተሰፍታለች። የሰውን ሁሉ ስፌት ሳርም የኖርኩት ሰው አፌን አልከፈትኩም። በአጠገቤ ስታልፍ ለአስተናጋጇ፣ "ለልብስ ሰፊው ጠላ ጨምሩለት" አለች። ወንድምዓለም አላለችም።

ድሪቶውን መልሼ ሰቀልኩት፤ በሩ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ። ሰው ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አየውና፣ "ይህ አዲስ አበባ መታየት ያለበት ነው" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። ስለ ጉሙ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ቋጥኙ ነገርኩት። "ይህ ቀዳዳስ?" ሲለኝ "አላለቀም" አልኩት። ሰማያዊ ጨርቅ አጥቼ አይደለም። ሰማያዊ ብቻ አንድ ከረጢት ሙሉ አለኝ። ብዙ ጊዜ መርፌ አንስቼ ክር አስገብቼ አስቀምጫለሁ።

የአልዩ አምባው ነጋዴ በእህቴ መንደር በኩል ስለሚያልፍ ጨው ያደርስላታል። ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "እህትህ ጠየቀችኝ" አለ።

መኪናዋን አቆምኩ። "ምን ብላ?"

"ያ ድሪቶ አልጋው ላይ ነው ወይስ ግድግዳው ላይ? አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"እውነቱን ነዋ። ግድግዳው ላይ ነው አልኳት።"

"እሷስ?"

አንገቱን አከከ። "እንግዲያ ይብረደው አለች።"

ሲሄድ ሥራዬን ሳልጨርስ ዘግቼ ገባሁ። ቆሜ አየሁት፤ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠውን። የእናቴ ቀሚስ፣ የአባቴ ኮት፣ የእሱ ኮት፣ ሁሉም ምስማር ላይ። ስንቱ ሰው በዚያ አገር ብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ዘመዶቼን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ብቻዬን እንደምቀመጥ ያን ቀን ገባኝ። አወረድኩት። ሥሩን በአቡጀዲ ገበር አድርጌ፣ በመሐሉ ከከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የወጣ የሱፍ ፍርፋሪ ሞልቼ፣ እንደ ማንኛውም የድሃ ድሪቶ ደረትኩት። ገበሩን ግን በቀዳዳው ልክ ቀደድኩት፤ አልደፈንኩትም።

በሚቀጥለው ጉዞው ነጋዴውን፣ "ለብሶታል በላት" አልኩት።

ተመልሶ ሲመጣ ገና ከሩቅ ፊቱን አነብ ነበር። "ነገርኳት" አለ።

"ምን አለች?"

"ምንም አላለች።"

"ምንም?"

"ጨዉን ተቀበለችኝ። በግራ እጇ ነው የተቀበለችኝ፤ እራፊዋ አሁንም አለች።"

ደርግ ሄደ፣ እህቴም ከዚህ ዓለም ሄደች፤ በበረንዳው ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ነው የሚሰፋው፣ ስፌቱም አይረባም። ድሪቶውን እስከ አሁን እለብሰዋለሁ። ይሞቃል፤ እኔ የሠራሁት ነገር አይሞቅም የሚል ካለ ይምጣ። ተገልብጬ ብተኛም፣ እግሩን ወደ ራሱ አዙሬ ብለብሰውም፣ ቀዳዳው ዞሮ ዞሮ ግራ ክንዴ ላይ ያርፋል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የሚገባብኝ በዚያ ብቻ ነው።